«መርዝ የለውም» ማለት «ይበላል» ማለት አይደለም፦ የበዓል ብስኩትና የማኅተም ቀለም ሳይንስ

በውጭ አገር ገናን ሲያከብሩ ከድፎ ዳቦውና ከዶሮ ወጡ ጎን ለልጆች ብስኩት የሚጋግሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ብስኩቱን ለማስጌጥ ከሚመረጡት ዘዴዎች አንዱ የመስቀል፣ የኮከብ ወይም የአበባ ቅርጽ ያለውን ማኅተም ቀለም ነክሮ በነጭ የስኳር ልባስ ላይ ማሳረፍ ነው። ሥራው ቀላል፣ ውጤቱም ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ማኅተሙም ሆነ ቀለሙ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከምግብ መደብር ሳይሆን ከጽሕፈትና ከዕደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ በመሆኑ፣ ልጆች የሚበሉት ነገር በእርግጥ ምግብ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

ምግብን በማኅተም ማስጌጥ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከቀበራት የሄርኩላኔም ከተማ የተገኘ አንድ የከሰለ ዳቦ የባለቤቱን ስም የያዘ ማኅተም እንዳረፈበት እስከ ዛሬ ይታያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በቤተልሔም የሚዘጋጀው ኅብስት የመስቀል ምልክት ይታተምበታል። እነዚህ ማኅተሞች ግን ሊጡን ተጭነው ቅርጽ ያወጡ እንጂ ቀለም አልጨመሩበትም። የዛሬው ጥያቄ የተነሣው ከቀለሙ ጋር ነው።

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ ብዙ የማኅተም ቀለሞች «መርዛማ ያልሆነ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሲሆን፣ አንዳንዶቹም ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ-4236 የተሰኘውን መለያ ይይዛሉ። ይህ መለያ የሚናገረው ዕቃው ለሥነ ጥበብ ሥራ ሲውል ሊያስከትል ስለሚችለው የጤና ጉዳት መገምገሙን ነው፤ ለመብላት መፈቀዱን አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አለመሆኑን ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ዘገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የልደት ድግስ ላይ ኬክ የበሉ ስድስት ልጆች በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ፤ ኬኩ የተሸፈነበት የሚያብረቀርቅ ዱቄት የመዳብ ብናኝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሚዙሪ ግዛት በአንድ የአንድ ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ ከፍተኛ የእርሳስ ማዕድን ተገኘ፤ የልደት ኬኩ ከተጌጠባቸው ዱቄቶች አንዱ 25 በመቶው እርሳስ ነበር።

እውነተኛ የምግብ ቀለም በማሸጊያው ላይ «የሚበላ» የሚል ቃልና የተሟላ የይዘት ዝርዝር ይኖረዋል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ሸማቾች እነዚህን ሁለት ነገሮች እንዲፈልጉ ይመክራል። ዝርዝሩ የሌለበት ዕቃ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከምግብ ጋር ሊገናኝ አይገባም።

ቀለሙ ከተመረጠ በኋላ ምልክቱ ጥርት ብሎ መውጣቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ከተፈጨ ስኳርና ከእንቁላል ነጭ የሚሠራው ልባስ ሲደርቅ ውሃው ይተንና የስኳሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው ጠንካራ፣ ነገር ግን ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ገጽ ይፈጥራሉ። ውሃ የበዛበት ቀለም ሲያርፍበት ስኳሩን ያሟሟል፤ በቀዳዳዎቹም ውስጥ እየተሳበ፣ በስስ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ዳርና ዳሩን ያበላሻል። ስለዚህ ልባሱ አንድ ሌሊት ሙሉ እንዲደርቅ ይተዋል። ወፍራሙ የምግብ ቀለምም ከውሃ ይልቅ በጥቂት ንጹሕ የመጠጥ አልኮል ይቀጥናል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ከውሃ ፈጥኖ ይተናል፤ ስኳርም በአልኮል ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። አልኮል የማይጠቀሙ ወገኖች ወፍራሙን ቀለም ሳያቀጥኑ በስፖንጅ በስሱ ማኅተሙ ላይ በመቀባትና ረዘም ላለ ጊዜ በማድረቅ ተቀራራቢ ውጤት ያገኛሉ።

ከማድ ቤታችን የሚገኘው እርድም ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን በውሃ ሳይሆን በአልኮል ይሟሟል፤ ብርሃን ሲያገኘው ግን ይደበዝዛል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በባንግላዴሽ እርድ ይበልጥ ቢጫ እንዲሆን እርሳስ ያለበት ኬሚካል ይጨመርበት እንደነበር አረጋግጠዋል። ምንጩ የታወቀ እርድ መግዛት ይመረጣል።

ማኅተሙ ራሱም ጥያቄ ያስነሣል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን በድኝና በሙቀት ማጠንከር እንደሚቻል ካወቀ ወዲህ ለማኅተም የሚሆን ጎማ በልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይዘጋጃል። በአሜሪካ ምግብ የሚነካ ጎማ ከተፈቀዱ ንጥረ ነገሮች ብቻ መሠራት አለበት፤ ለቢሮ ወይም ለወረቀት ሥራ የተዘጋጀ ማኅተም ግን ይህን ግዴታ አያውቅም። ቀደም ሲል በወረቀት ቀለም የተነከረ ማኅተም ደግሞ ቀለሙን በውስጡ ስለሚይዝ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። የተፈጥሮ ጎማ ፕሮቲን አለርጂ የሚያስነሣባቸው ሰዎችም አሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት በዚሁ ምክንያት ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በምግብ ቤቶች የላቴክስ ጓንት እንዳይደረግ ከልክሏል። የጠነከረ የማኅተም ጎማ ከስስ ጓንት ጋር እኩል ባይታይም፣ ለምግብ የተፈቀደና የፈላ ውሃ የሚችል የሲሊኮን ማኅተም የተሻለ ምርጫ ነው።

ቀይ ቀለም ሲመረጥ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቀይ ቁጥር 3 የተባለው ቀለም ነው። በአይጦች ላይ ካንሰር ማስከተሉ በመታየቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ፈቃዱን ሽሯል፤ የምግብ አምራቾችም እስከ ጥር 2027 ከምርታቸው እንዲያወጡት ታዘዋል። ሁለተኛው ካርሚን ነው፤ የሚገኘው ከተፈጩ ነፍሳት ስለሆነ ለሚጾም ወይም የእንስሳት ተዋጽኦ ለማይበላ ሰው አይስማማም። ስሙ በይዘት ዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ሕጉ ያስገድዳል። በጾም ወቅት ለሚጋግሩ ደግሞ ሽምብራ የተቀቀለበት ውሃ ሲመታ አረፋ ስለሚሠራ ለልባሱ የእንቁላል ነጭን ይተካል።

ብስኩቱ ከቤተሰብ አልፎ ለሽያጭ ሲቀርብ ጉዳዩ የሕግ ይሆናል። በኦክላንድ ከተማ አፕታውን በተባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው ፎክስ ቲያትር ያለበት የቴሌግራፍ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ወደሚገኙበት ወደ ቴመስካል ያደርሳል። በዚህ አካባቢ በቤቷ ጋግራ ለበዓል ለመሸጥ የምታስብ እናት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የካሊፎርኒያ የቤት ውስጥ ምግብ ሕግ ይፈቅድላታል። አስቀድማ ግን በአላሜዳ ካውንቲ የአካባቢ ጤና መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለባት። በማሸጊያውም ላይ ምግቡ በመኖሪያ ቤት ማድ ቤት መሠራቱን፣ የቀለሙን ጨምሮ ሙሉ ይዘቱንና አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮችን መግለጽ ይጠበቅባታል።

እንግዲህ ማኅተሙ ብስኩቱን ከመንካቱ በፊት የቀለሙን ጠርሙስ አዙሮ ማንበብ ይገባል። «የሚበላ» የሚለው ቃልና የይዘት ዝርዝሩ አብረው ከሌሉ፣ ያ ቀለም ለበዓል ካርዱ ይዋል፤ ብስኩቱም ነጭ እንደሆነ ለልጆች ይቅረብ።