ቡና ቀላና አንጎልን ከጨረር የመጠበቅ ጉዳይ

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አካባቢ በሚኖረው የመጫ ኦሮሞ ዘንድ ቡና የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የሚበላም ነው። ጀንፈሉ ሳይገፈፍ የደረቀው ፍሬ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይጠበስና ለተሰበሰበው ሰው ይታደላል፤ ይህም ቡና ቀላ ይባላል። የኦሮምኛው ስም ከእርድ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፍሬው በሚታረደው ከብት ፈንታ እንደ ቀረበ ይቆጠራል። የምርቃት ማዕድ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

በፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን በሌላ ጉዳይ ስሙ ይነሣል። ጨረር በሰውነት ሲያልፍ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ውሃ ይሰነጥቃል፤ ከዚህ የሚወጡት ቅንጣቶችም ያገኙትን ሁሉ ይጎዳሉ። አንጎል ብዙ ኦክሲጅን የሚፈጅና ስብ የበዛበት በመሆኑ ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው፤ በተለይ ለትዝታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል አዳዲስ ሕዋሳትን ማፍራቱ ይዳከማል።

በሕንድ አገር በሙምባይ የባባ አቶሚክ ምርምር ማዕከል ሊቃውንት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ፣ ጨረሩ ከመድረሱ 60 ደቂቃ በፊት በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊግራም ካፌይን ከተሰጣቸው አይጦች 70 በመቶ ያህሉ፣ ያልተሰጣቸው ሁሉ በሞቱበት ጊዜ በሕይወት እንደ ነበሩ አስረዱ። ከጨረሩ በኋላ የተሰጠው ግን አልጠቀመም። ይህን ሰምቶ ወደ ጀበናው ለሚሮጥ ሰው ስሌቱ እንዲህ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በክብደት ብቻ ቢሰላ 4.8 ግራም ይሆናል፤ ይህም የአርባና የሃምሳ ስኒ ያህል ሆኖ ሰውን ለመግደል የሚቃረብ መጠን ነው። ደግሞም አይጦቹን ይገድል የነበረው በአጥንታቸው መቅኔ ላይ የደረሰው ጉዳት እንጂ የአንጎል አልነበረም።

ስለ አንጎል የበለጠ የሚቀርበው የጥቁር አዝሙድ ነገር ነው። በቱርክ አገር ራሳቸው ብቻ ጨረር በተቀበለ አይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና በውስጡ የሚገኘው ቲሞኩዊኖን በአንጎላቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት ቀንሰው ታይተዋል። ይህም ቢሆን የአይጥ እንጂ የሰው ማስረጃ አይደለም።

ነገሩ ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጨረር ማከም ከተጀመረበት ከ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ፣ ከነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚሄድ በሽተኛ አለ፤ በስንቁም የተቀመመ ዱቄት ወይም ዘይት ቢገኝ አያስገርምም። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ጨረሩ ዕጢውን የሚገድለው ጤናማውን አካል በሚጎዳበት በዚያው መንገድ ነውና፣ አንጎልን የሚጋርድ ቅመም ዕጢውንም ሊጋርድ ይችላል። ስለዚህ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል፤ ሐኪሙም ሳይገሥጽ ሊጠይቀው ይገባል። ካፌይንም ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ ጨረር የደረሰባቸው ሕዋሳት ከመከፈላቸው በፊት ጉዳታቸውን ለመጠገን ቆም ይላሉ፣ ካፌይን ሲበዛባቸው ግን ሳይጠገኑ ይከፈሉና ይሞታሉ።