የጅቡቲ ውኃና የቤት ዓሣ፤ የሚስማሙትን ስለ መምረጥ

በጅቡቲ ከተማ በመስተዋት ገንዳ ዓሣ ማኖር የሚወድ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ብዙ ጊዜ የዓሣውን መልክ ነው። ቢጫው ከሰማያዊው ጋር ሲዋኝ ማየት ዓይንን ደስ እንደሚያሰኝ አይካድም። ነገር ግን ጥቂት ቀን ቆይቶ አንዱ ሌላውን ሲያሳድድና ክንፉን ሲቦጭቀው፣ ወይም ሁሉም በማለዳ ሞተው ተንሳፍፈው ሲገኙ ደስታው ወደ ኪሣራ ይለወጣል። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ምርጫው ከውኃው ሳይሆን ከዓሣው መልክ በመጀመሩ ነው። ዓሣውን በመጀመሪያ የሚመርጠው ውኃው ነው፤ ባለቤቱ የሚመርጠው ውኃው ከፈቀደለት መካከል ነው።

የጅቡቲ ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር በሚቀዳ የጉድጓድ ውኃ ነው። ይኸውም ውኃ ማዕድን የበዛበትና ጨው ጨው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ አካባቢ በቧንቧ የተሳበ የከርሰ ምድር ውኃ ተጨመረበት። በ2021 ደግሞ የባሕርን ውኃ ከጨው የሚለይ ፋብሪካ በዶራሌ ተመረቀ። ስለዚህ የአንዱ ሠፈር ውኃ ከሌላው ጋር አንድ ነው ብሎ መገመት አይገባም። ባለቤቱ ዓሣ ከመግዛቱ በፊት የውኃውን የማዕድን ብዛት፣ የጨውነቱን መጠንና የአሲድነቱን ልክ (ፒኤች) በመመርመሪያ ወረቀት ወይም በመሣሪያ መለካት ይገባዋል። ክሎሪንም ዓሣን ስለሚገድል የቧንቧው ውኃ በማርከሻ መድኃኒት ሳይታከም ወደ ገንዳው አይጨመርም።

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ወገን ከ1,600 በላይ ዓይነቶች ያሉት ነው። በኢትዮጵያ ገበያ የታወቀው ቆሮሶ ከዚሁ ወገን ይቆጠራል። ወገናቸው አንድ ቢሆንም የለመዱት ውኃ የተለያየ ነው። በማላዊና በታንጋኒካ ሐይቆች የሚኖሩት ሲክሊዶች ማዕድን የበዛበትንና ፒኤቹ ወደ 8 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ውኃ ይወዳሉ። ከአማዞን ወንዝ የመጣው ዲስከስ ግን ማዕድን ያነሰበትንና ወደ አሲድነት ያዘነበለውን ውኃ ይፈልጋል። እንግዲህ ማዕድን የበዛበት ውኃ በቤቱ ያለው ሰው ዲስከስን ከማላዊ ዓሦች ጋር ቢያኖር ከሁለቱ አንዱን ዕለት ዕለት ማሠቃየቱ ነው። እንዲህ ላለው ቤት የሚስማማው የአፍሪካ ሐይቆች ዓሣ ነው።

ከውኃው ቀጥሎ የሚታየው ጠባይ ነው። ምቡና የተባሉት የማላዊ ሲክሊዶች በድንጋይ መካከል የሚኖሩና ሥፍራቸውን በኃይል የሚጠብቁ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻቸውን ቢቀመጡ ብርቱው ደካማውን እስኪሞት ድረስ ያሳድደዋል። ስለዚህ ሰፊ ገንዳ፣ ብዙ የድንጋይ መደበቂያና ለአንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ያስፈልጓቸዋል። ምግባቸውም በአብዛኛው በድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ስለ ሆነ ሥጋ የበዛበት መኖ ሆዳቸውን ይጎዳል። ጓደኛ የሚሆናቸው ከታንጋኒካ የመጣው ሲኖዶንቲስ የተባለው የአምባዛ ዘመድ ነው። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚኖሩት ትንንሽ የታንጋኒካ ሲክሊዶች ግን ለብቻቸው ቢሆኑ ይሻላል። ቆሮሶም በጫጩትነቱ ቢያምር 60 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል ዓሣ ስለ ሆነ ለሳሎን ገንዳ አይመረጥም። በአፍ ሊገባ የሚችል ዓሣ ሁሉ ለትልቁ መብል መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛው ነገር የአገሩ ሙቀት ነው። በበጋ የጅቡቲ አየር ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ35 ዲግሪ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ከዓሣው ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ውኃው በሞቀና ፒኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር መርዝነቱ ይበረታል። ስለዚህ የዓሣውን ቍጥር መቀነስ፣ የአየር ፓምፑን ሌሊትም ቀንም ማሠራትና ገንዳውን ከፀሐይ ማራቅ ግዴታ ነው። አዲስ ገንዳም አሞኒያን የሚያረክሱት ጥቃቅን ሕዋሳት እስኪራቡበት ድረስ ጥቂት ሳምንት ስለሚፈጅ ብዙ ዓሣ ባንድ ጊዜ አይገባበትም።

ውኃው ለሐይቆቹ ዓሦች እንኳ ጨው የበዛበት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ የአገሩን ልጅ ማሰብ ይገባል። ይኸውም በሳይንስ ስሙ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው፣ ከጣት የማይበልጠው ዓሣ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻና በአሳል ሐይቅ አጠገብ ባሉ ምንጮች የሚገኝ ሲሆን ሙቀትንም ጨውንም ይችላል። ከሲክሊድ ጋር ግን አይኖርም፤ ይበሉታልና። በራሱ ገንዳ ቢቀመጥ ጨው ከሚችለው ከሞሊ ጋር ሊስማማ ይችላል። ጥቅሙም ለዓይን ብቻ አይደለም። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በአሰብም ጥናቱ በ1992 በታተመ ሥራ፣ ይህ ዓሣ የትንኝን እጭ እየበላ ወባን ለመከላከል አገልግሏል።

ይህ ነገር ዛሬም የሚያሳስብ ነው። አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በጅቡቲ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኗል። ትንኟም በከተማ፣ በበርሜልና በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ ዓሦቹ ሞተውበት ውኃው የተረሳ ገንዳ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የትንኝ ማሳደጊያ ይሆናል። ዓሣ የሌለበት ገንዳ ወይ ሊደርቅ ወይ በሚገባ ሊከደን ይገባል።

በመጨረሻም የሰለቸን ዓሣ በጉድጓድ፣ በምንጭ ወይም በወንዝ መልቀቅ የተገባ አይደለም። ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ባለው በአፍዴራ ሐይቅ፣ ዳናኪልያ ፍራንኬቲ የተባለ፣ በሌላ ሥፍራ የማይገኝ ሲክሊድ ይኖራል። እንደዚህ ያለ ጠባብ መኖሪያ ያለው ፍጥረት አንድ ተዋጊ እንግዳ ቢገባበት ሊጠፋ ይችላል። ዓሣውን ማኖር ያልቻለ ሰው ለሚያኖረው ይስጠው ወይም ለሻጩ ይመልሰው።