ቡናውና በግንዱ ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ

በጌዴኦ ዞን የእንሰት፣ የቡናና የጥላ ዛፍ ጥምር እርሻ ውስጥ ሁለት ሕያዋን በአንድ ግንድ ሲኖሩ ይገኛሉ። አንደኛው ዝናብ ሲያገኝ ነጭ አበባ አፍክቶ በጥቂት ቀናት የሚያረግፈው የአረቢካ ቡና ነው። ሁለተኛው የቡና አድርቅ በሽታን የሚያመጣው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ የሚባለው ፈንገስ ነው።

የሁለቱ ይዞታ ለየቅል ነው። በተፈጥሮ ደን ውስጥ የሚበቅለው አረቢካ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዕፅዋት ተርታ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናትም በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶ ያህሉ አደጋ ላይ መሆናቸውን አመልክቷል። ፈንገሱ ግን ጠባቂ አያሻውም። በኢትዮጵያ ቡና አብቃይ አካባቢዎች፣ ይርጋጨፌን ጨምሮ፣ ይገኛል።

በፍጥነትም አይመጣጠኑም። የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። ፈንገሱ በቁስል በኩል ገብቶ የውኃ መተላለፊያውን ሲዘጋ ግን ምልክቱ በታየ በወራት ውስጥ ዛፉ ሊደርቅ ይችላል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል፤ ቅርፊቱ ሲላጥ እንጨቱ ወደ ሰማያዊ ጥቁር ያደላ መስመር ያሳያል።

ፈንገሱ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዲሻገር ዋነኛ ረዳቱ የሰው እጅ ነው። አረም ሲመነጠር ግንድ የሚነካ ገጀራ፣ በጉንደላ ወቅት ሳይጸዳ ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው የሚያልፍ መጋዝ በሽታውን ያዛምታሉ። የደረቀውን ቡና ለማገዶ ወይም ለአጥር በማሳ መካከል ጎትቶ መውሰድም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የታመመ ቡና ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው መቃጠል አለበት። በጉድጓዱ ወዲያው ሌላ ቡና አይተከልም። መሣሪያም በእሳት ወይም በአልኮል ይጸዳል፤ በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀላል። ለአርሶ አደሩ ማገዶውን ማጣት ቀላል ባይሆንም፣ የአንድ ዛፍ እንጨት የማሳውን ቡና አይተካም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የጉንደላ ሥራን ሲያስተባብሩ የመሣሪያ ጽዳትን አብረው ሊያቅዱት ይገባል።

ዘላቂው መከላከያ በቡናው ብዝኃነት ውስጥ ነው። በሽታውን የመቋቋም አቅም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። እንደ ኩርሜ፣ ወሊሾና ደጋ ያሉ የአካባቢው ዝርያዎችና የደን ቡና አብረው ካልተጠበቁ፣ ተመራማሪዎች የሚመርጡበት መነሻ ይጠባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቅርሱ አንዱ ምሰሶ የሆነውን ቡና የመጠበቁ ሥራ በየማሳው ካለ ንጹሕ ገጀራ ይጀምራል።