የዝናብ መቋረጥ በበቆሎ ዕድገትና ምርት ላይ የሚያስከትለው ጉዳት፦ ለቢታ ገነትና አካባቢው አርሶ አደሮች

የካፋ ዞን ቢታ ገነትን ጨምሮ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት የእርጥበት እጥረት የቆላማ አካባቢዎች ችግር ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ይሁን እንጂ በቆሎን የሚጎዳው የዓመቱ ዝናብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ የሚቋረጥበት ጊዜ ጭምር ነው። ሰብሉ በዕድገት ዘመኑ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው አስጊ ወቅት የቡቃያ ጊዜ ነው። የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ ተከትሎ የተዘራ በቆሎ ዝናቡ ሲቋረጥ ይጠወልጋል፤ አርሶ አደሩም ዘር በድጋሚ ለመግዛት ይገደዳል። ይህን ወጪ ከማውጣት በፊት ማሳውን መመርመር ይገባል። በቆሎ አምስት ወይም ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የዕድገት ጫፉ ከአፈር በታች ስለሚቆይ፣ ቅጠሉ ቢደርቅም ሊያገግም ይችላል። ከተለያየ የማሳው ክፍል ጥቂት ቡቃያዎችን ነቅሎ ግንዱን ወደ ታች መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ የዕድገት ጫፉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ግን ሞቷል።

እጅግ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በአበባ ወቅት ነው። ከተክሉ አናት የሚወጣው ወንዴ አበባ ብናኙን የሚያራግፈው ለአንድ ሳምንት ያህል ነው። ውኃ ሲያጥር ከሴቴው አበባ የሚወጣው ሐር መሰል ጸጉር ስለሚዘገይ ብናኙ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጸጉር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ብናኝ ያላገኘው ሁሉ ባዶ ይቀራል። በአዝመራ ጊዜ የሚታየው ጥርሰ ወላቃ በቆሎ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። በኋላ የሚመለስ ዝናብ የቀረውን ፍሬ ያሞላል እንጂ የጠፋውን አይተካም። አዘግይቶ የተዘራ ማሳ ደግሞ ዝናቡ በሚወጣበት ጊዜ ፍሬው ሳይሞላ ሊቀር ይችላል።

ቅጠል በቀትር ተጠቅልሎ ማምሻውን መዘርጋቱ ብዙ አያሳስብም፤ ማለዳም ተጠቅልሎ ከተገኘ ግን እጥረቱ ጠንቶበታል።

አረም ከሰብሉ ጋር ውኃ ስለሚሻማ ቀዳሚው ሥራ ወቅቱን የጠበቀ አረማ ነው። የሰብል ተረፈ ምርት በረድፎች መካከል መጎዝጎዝ የአፈሩን እርጥበት ያቆያል። ዩሪያ በደረቅ አፈር ላይ መጨመር አይገባም፤ ተክሉ ማዳበሪያውን የሚወስደው ከውኃ ጋር ነው። ቢኤች-661ን የመሰሉ ዘግይተው የሚደርሱ ዝርያዎች ረጅም ዝናብ ስለሚፈልጉ፣ የዘር ጊዜ ባለፈበት ወቅት ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ይመረጣል። ለአካባቢው ከፍታ የሚስማማውን ዝርያ በሚመለከት የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር፣ እንዲሁም በነጻ የስልክ መስመር 8028 በመደወል መረጃ ማግኘት ይቻላል።