ተመላሹ ይመዘን

በዳፕ ማዳበሪያ መስመር ላይ የፍሬው መጠን በተበላሸ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በሚሽከረከረው ድራም ላይ ነው፤ ፍጥነቱ፣ ዝንባሌው፣ የሚረጨው ፈሳሽ ይመረመራል። እኔ ግን ፍሬው የሚበጀውም የሚበላሸውም ከወንፊት ወደ ድራሙ በሚመለሰው ደቃቅ ነው ባይ ነኝ። ፎስፎሪክ አሲድና አሞኒያ በመጀመሪያው ታንክ ሲገናኙ፣ አሞኒያው ሆን ተብሎ ለአንድ ሞል አሲድ 1.4 ሞል ገደማ ላይ ይያዛል። ጨው በብዛት የሚሟሟው እዚያ ነጥብ ላይ ስለሆነ ውህዱ በፓምፕ ይገፋል። ድራሙ ውስጥ ተጨማሪ አሞኒያ ገብቶ ድርሻው ወደ 1.8 ሲጠጋ የመሟሟት አቅሙ ይወርድና ፈሳሹ መጠጠር ይጀምራል። የሚጠጥርበት ደረቅ ገላ ግን ይፈልጋል። ይህን የሚያቀርብለት ተመላሹ ነው፦ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰው ደቃቅና ከ4 በላይ ሆኖ የተፈጨው። በዚህ ዘዴ ለአንድ ቶን ምርት ከ4 እስከ 6 ቶን ተመላሽ ይዞራል።

ይህ ሁሉ መዞር የኤሌክትሪክና የነዳጅ ኪሳራ ነው፣ ይቀነስ የሚሉ አሉ። ወጪውን በትክክል አይተዋል። ሆኖም ተመላሹ የበዛው ከፈሳሹ ጋር የሚገባው ውሃ ስለበዛ ነው። አሲዱና አሞኒያው ሲዋሃዱ የሚፈጥሩት ሙቀት ውሃውን የሚያተንበት የቧንቧ ሪአክተር ከተገጠመ፣ የተመላሹ ፍላጎት አብሮ ይወርዳል። ውሃውን ሳይነኩ ተመላሹን መቁረጥ ግን ድራሙን በጭቃ ይሞላዋል።

ከብዛቱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ መዋዠቁ ነው። ኦፕሬተሩ ከድራሙ አፍ በጓንት እፍኝ ወስዶ ይጨምቃል፤ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ እየቦነነ ከፈሰሰ ደርቋል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ የሚያገለግለው ግን ለዚያች ቅጽበት ነው። የገዘፈው ፍሬ ማድረቂያውን አልፎ ወንፊት እስኪደርስ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ከዚያ የተፈጨው ባንዴ ሲመለስ ድራሙ ውስጥ ያለው ይደርቃል። ፈሳሽ ይጨመራል። የተጨመረው ውጤት ሲታይ የደቃቁ ጎርፍ አልፏልና ፍሬው ዳግም ይገዝፋል። ስለዚህ ተመላሹ በሚመዝን ኮንቬየር እየተለካ በአንድ ልክ ይግባ፤ ሲጎድልም ከደህናው ምርት ላይ ተወስዶ ይሞላ። ያለቀለትን ምርት መልሶ ድራም ውስጥ መክተት እብደት ነው የሚለው ተቃውሞ አሳማኝ የሚመስለው የአንዱን ሽፍት ቶን ብቻ ለሚቆጥር ነው። የተመለሰው ፍሬ አይጠፋም፣ ዞሮ ይወጣል፤ በመዋዠቅ የተደፈነ ወንፊትና የታነቀ ወፍጮ ግን መስመሩን ያቆማሉ።

ኢትዮጵያ ማዳበሪያ የምታስገባ አገር ብትሆንም ነገሩ ይመለከታታል። ቱሉ ቦሎና ወራቤ ላይ ያሉት የገበሬ ዩኒየን ማደባለቂያዎች የተሠሩት የተለያዩ ማዳበሪያዎችን ፍሬ በደረቁ ለመቀላቀል ነው። መጠናቸው ካልተቀራረበ፣ ክምሩ ሲፈስ ትልልቁ ወደ ዳር ይንከባለላል፣ ትንንሹ መሐል ይቀራል። ገበሬው ከአንዱ ጆንያ በእጁ ሲዘራም አንዱ መስመር ፎስፈረስ ሲበዛለት ሌላው ፖታሽ ይበዛለታል።