መስኮትዎ ስንት ነበልባል ያሳያል?

ማታ ውጭው ሲጨልም መጋረጃውን ሰብስበው ጧፍ ይለኩሱና ወደ መስኮቱ ያስጠጉ። መስታወቱ ላይ ተደርድረው የሚታዩትን ነበልባሎች ይቁጠሩ። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ገጽ ስላለው ሁለት ምስል ይመልሳል። አራት ነበልባል ካዩ መስኮትዎ ባለ ሁለት መስታወት ነው፤ ስድስት ካዩ ባለ ሦስት። ከመካከላቸው የአንዱ ቀለም ከሌሎቹ ለየት ካለ ደግሞ ደስ ይበልዎ፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

በስቶክሆልም፣ በኦስሎ፣ በቶሮንቶ ወይም በሚኒያፖሊስ ቤት የገዛ ወገን ይዋል ይደር እንጂ ይህ ቆጠራ ይመለከተዋል። አሮጌው መስኮት ሊቀየር ነው፤ ሻጩ ሁለት ዋጋ ያቀርባል፤ ባለ ሦስቱ ይወደዳል። ታዲያ ሦስተኛው መስታወት ዋጋውን ይመልሳል? መልሱ እንደ አገሩና እንደ ቤቱ ይለያያል። መስታወት ብቻ ቆጥሮ መወሰን ግን ብዙ ሰው ያለ ጥቅም ገንዘብ እንዲያወጣ ያደርገዋል።

መስታወት በራሱ ብርድ አይከላከልም። ሥራውን የሚሠራው በመስታወቶቹ መካከል ታሽጎ የተቀመጠው ክፍተት ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ መስኮቱም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ስቴትሰን በዚህ ሐሳብ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1865 ነበር። ክፍተቱ እጅግ ከጠበበ ሙቀት ይሻገራል፤ እጅግ ከሰፋ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ከላይ ወደ ታች መዞር ይጀምርና ሙቀቱን ተሸክሞ ያሻግራል። ለዚህ ነው በአብዛኛው 16 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደረገው። ዛሬ ክፍተቱ የሚሞላው በአርጎን ጋዝ ነው። አርጎን ከምንተነፍሰው አየር አንድ በመቶ ያህሉ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙም ከአየር በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በዓይን የማይለይ ነው። ተራ መስታወት የክፍሉን የሙቀት ጨረር ይውጥና ወደ ቀዝቃዛው ወገን ይረጨዋል። በአንደኛው ገጽ ላይ እጅግ ስስ የብር ቅብ ሲደረግ ብርሃን ያልፋል፣ ጨረሩ ግን ወደ ቤት ይመለሳል። ያ ቀለሙ የተለየው ነበልባል የዚህ ቅብ ምልክት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የመስኮት መለኪያ ዩ-ቫልዩ ይባላል፤ በውስጥና በውጭ መካከል በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከአንድ ካሬ ሜትር ስንት ዋት ሙቀት እንደሚያመልጥ ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል። ነጠላ መስታወት 5.8 ገደማ ነው። ቅብና አርጎን የሌለው የድሮ ባለ ሁለት 2.8 ነው። ቅብና አርጎን ያለው አዲስ ባለ ሁለት 1.1 ይደርሳል። ጥሩ ባለ ሦስት 0.6 ይሆናል።

አንድ ቤት 20 ካሬ ሜትር መስታወት አለው እንበል፤ ለ8 ወር በውስጥና በውጭ መካከል በአማካይ የ15 ዲግሪ ልዩነት ይኑር። ነጠላውን በአዲስ ባለ ሁለት የቀየረ ሰው በዓመት 8,100 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያተርፋል። የድሮውን ባለ ሁለት በአዲሱ የቀየረ 2,900 ገደማ። ከአዲሱ ባለ ሁለት ወደ ባለ ሦስት የተሻገረ ግን የሚያተርፈው 860 ገደማ ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በሚከፍሉት የኃይል ዋጋ ያባዙትና ከሁለቱ መስኮቶች የዋጋ ልዩነት ጋር ያስተያዩት፤ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ወዲያው ይታይዎታል።

ታዲያ ሦስተኛው መስታወት ከንቱ ነው? አይደለም። ውጭው ከዜሮ በታች 20፣ ቤቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት የመስታወቱን የውስጥ ገጽ ብንለካው ነጠላው ከዜሮ በታች 10 ገደማ ይሆናል፤ በረዶ ይሠራል። የድሮው ባለ ሁለት 5፣ አዲሱ ባለ ሁለት 14፣ ባለ ሦስቱ 17 ገደማ ይሆናሉ። የልጅ አልጋ ከመስኮት ሥር ያለበት ቤት ወይም ሶፋው መስኮት ተጠግቶ የተቀመጠበት ሳሎን ይህን ሦስት ዲግሪ በደንብ ያውቀዋል። ከቀዝቃዛ መስታወት ሥር እግር ላይ የሚወርደው የብርድ ሽውታ ይቀራል። ይህ ምቾት በኤሌክትሪክ ሒሳብ ላይ አይጻፍም፤ በየማታው ግን ይሰማል።

እርጥበቱም አለ። ወጥ ሲንተከተክ፣ ቡና ሲፈላ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ እንፋሎቱ የሚያርፈው ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ቀዝቃዛው ነገር ላይ ነው። 20 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ መስታወት ያልበዋል፤ ውሎ አድሮም ጥጉ ይሻግታል። ማለዳ በባለ ሦስት መስታወት የውጭ ገጽ ላይ ጤዛ ቢያዩ ግን አይደንግጡ፤ የቤቱ ሙቀት ወደ ውጭ እንዳላመለጠ ምስክር ነው። ጉም በመስታወቶቹ መካከል ከታየ ግን እሽጉ ተበላሽቷል፤ መስታወቱ መቀየር አለበት።

ሦስተኛው መስታወት የራሱ ዕዳም አለው። አራት ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ ሁለቱ 20፣ ባለ ሦስቱ 30 ኪሎ ይሆናል። ማጠፊያውና ፍሬሙ ይህን መሸከም አለባቸው። ብርሃንም፣ በክረምት የምንፈልገው የፀሐይ ሙቀትም በመጠኑ ይቀንሳል። በሰሜኑ አገር ወደ ደቡብ የሚያይ ሰፊ መስኮት የቀን ፀሐይ ስለሚሰበስብ ሲመርጡ ይህን ያስቡ።

ሲገዙ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ይህ ቁጥር የመስታወቱ ብቻ ነው ወይስ ከነፍሬሙ?» ከነፍሬሙ ሲሆን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሙቀት እንዳያልፍ የሚከለክል ክፍል ውስጡ የሌለው የአልሙኒየም ፍሬም የጥሩ መስታወትን ድካም ያባክናል። በእንግሊዝ ለሚቀየር መስኮት ደንቡ የሚጠይቀው ከነፍሬሙ 1.4 ነው። በጀርመን ዳርምሽታት የተወለደው የፓሲቭ ሀውስ መለኪያ 0.8 ይላል፤ ወደዚያ የሚደርሰው በተለምዶ ባለ ሦስቱ ነው። አሜሪካ ያለ ገዢ ደግሞ እዚያ የሚጻፈው ቁጥር በሌላ መለኪያ መሆኑን ይወቅ፦ 0.30 የሚለውን በ5.7 ሲያባዙት የአውሮፓው 1.7 ይሆናል።

አዲስ አበባስ? ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ሞቃት በሆነበት ከተማ ሦስተኛውን መስታወት የሚያስገዛ ብርድ የለም። የሚያስጨንቀው የመንገዱ ጩኸት ነው፤ ለጩኸት ደግሞ የመስታወት ብዛት ብቻውን አይፈይድም። ውፍረታቸው እኩል የሆኑ መስታወቶች በአንድ ድምፅ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት መስታወቶች፣ አንደኛው በመሃሉ ፕላስቲክ ተጣብቆበት የተሠራ ከሆነ፣ ከተራ ባለ ሦስት ይሻላሉ። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄም አለ፦ የከተማዋ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የታሸገ መስታወት ወደ 2,300 ሜትር ሲወጣ እንደ ተነፋ ኳስ ይወጠራል፤ ማሸጊያውም ይጎዳል። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ለዚህ ከፍታ መዘጋጀቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ምክሬን ላጠቃልል። ክረምቱ ረጅምና ከባድ በሆነበት አገር አዲስ ቤት የሚሠራ ወይም መስኮቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ባለ ሦስቱን ይግዛ፤ መስኮት ለብዙ አሥርት ዓመታት ይኖራል፣ የዋጋ ልዩነቱም በዚያ ሁሉ ዓመት ሲከፋፈል ይቀላል። ክረምቱ ለስለስ ባለበት አገር ቅብና አርጎን ያለው ጥሩ ባለ ሁለት ይበቃል። በእጅዎ ጥሩ ባለ ሁለት ካለ ደግሞ ለሦስተኛው ሲሉ አይንቀሉት።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ንፋስ ባለበት ቀን ዕጣን ያጭሱና ጢሱን በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ስለ መስታወቱ ማሰብ ይችላሉ። ወደ ጎን ከታጠፈ ግን ብርዱ የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ላይ ጎማውን መቀየርና ቀዳዳውን መድፈን በጥቂት ገንዘብ የሚያልቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።