የመምህራን አሠልጣኝ ሙያ በኮሌጅና በሆስፒታል መካከል፦ ከቦንጋ አንጻር

በካፋ ዞን በቦንጋ ከተማ መምህርም የጤና ባለሙያም የሚሠለጥኑባቸው ተቋማት ብዙም ሳይራራቁ ይገኛሉ። የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በክልሉ ሥር ሆኖ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ሲያዘጋጅ፣ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት ሥር ሆኖ በጤና ሳይንስም ያስተምራል። ተጠሪነታቸውም ሆነ ሥርዓተ ትምህርታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ሁለቱንም የሚያገናኝ አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም አስተማሪዎችን ራሳቸውን ማስተማር ነው።

ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው ማወቅና ማሳወቅ የተለያዩ ችሎታዎች በመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ጆርጅ ሚለር ከትምህርት ፋኩልቲ ምሁራን ጋር መሥራት የጀመረው ይህን በመረዳት ሲሆን፣ ከእነዚያ ምሁራን አንዱ የነበረው ስቲቨን አብርሃምሰን ሐኪም ሳይሆን በ1963 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ትምህርት ላይ ምርምር የሚያደርግ ክፍል ለመምራት በቅቷል። በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ድልድይ ተዘርግቷል። መምህራን በአጭሩ ኤችዲፒ የሚሉት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የታሰበው ለመምህራን አሠልጣኞች ነበር፤ አሠልጣኙ መደበኛ ሥራውን ሳይተው አሳታፊ የማስተማር ዘዴን፣ ምዘናንና ተግባራዊ ምርምርን፣ ማለትም በገዛ ክፍሉ የሚያየውን ችግር አጥንቶ መፍትሔውን እዚያው መሞከርን፣ እየተማረ የራሱን አሠራር እንዲመረምር ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ከጊዜ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በመስፋፋቱ፣ ሐኪሙም ነርሱም በመምህራን ማሠልጠኛ በተፈተነ ዘዴ ማስተማርን ለመማር በቅተዋል። ይህ በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ከሚገባው በታች የተወራለት ቁም ነገር ነው።

የሁለቱ ሥልጠናዎች ዝምድና በግልጽ የሚታየው ልምምዱ ላይ ነው። በመምህራን ኮሌጅ ማይክሮ ቲቺንግ በሚባለው ልምምድ እጩ መምህሩ አንድን ጠባብ ርእስ ይዞ፣ ጓደኞቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ ለጥቂት ደቂቃዎች ያስተምራል። አሠልጣኙም ከኋላ ተቀምጦ ጥያቄው ለማን እንደቀረበ፣ መልስ እስኪመጣ ምን ያህል እንደታገሠ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ እንደሆነ ይመዘግባል። በሕክምና ትምህርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ሮናልድ ሃርደን ያስተዋወቀውና ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና ተፈታኙን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እያዘዋወረ፣ እጁን መታጠቡን፣ ለታካሚው ሰላምታ ሰጥቶ ራሱን ማስተዋወቁን፣ ከመንካቱ በፊት ፈቃድ መጠየቁን በቼክሊስት ይመዝናል። ከኋላ ተቀምጦ እጩ መምህራንን ሲመለከት የኖረ ሰው በኦስኪ ጣቢያ ቢቆም ነገሩ ለዓይኑ አዲስ አይሆንበትም፤ ከሰውነት ክፍሎች ጥናት ውጪ ያለውን የሥራውን ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል።

የቦንጋን ሁኔታ ልዩ የሚያደርገው ግን ቋንቋ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ከፈቀደ ወዲህ ካፊኖኖ ወይም ካፍኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለገባ፣ ቋንቋውን ለሌላው እንዴት ማስተማር እንደሚቻል የሚያውቁ ባለሙያዎች በአካባቢው አሉ። በአንጻሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚመደቡት ተማሪዎች ከመላ አገሪቱ የሚመጡ በመሆናቸው፣ ከገጠር ወደ ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ከምትመጣ ነፍሰ ጡር ጋር በአስተርጓሚ ካልሆነ መግባባት የማይችል ሠልጣኝ ሊኖር ይችላል። ምጡ መቼ እንደጀመረ፣ ደም ፈሷት እንደሆነ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ይሰማት እንደሆነ ለመጠየቅ ደግሞ አስተርጓሚው ባሏ ወይም ጎረቤቷ ከሆነ፣ እናቲቱ የምታፍርበትን ነገር ሳትናገር ልትቀር ትችላለች።

በሁለቱም ተቋማት ዓለም የኖረ አሠልጣኝ ይህን ክፍተት ከማንም ቀድሞ ያያል። መፍትሔው የማይክሮ ቲቺንግ ክፍሉን እንዳለ ወስዶ ለአዋላጅ ነርስ ሠልጣኞች ማዋል ነው፤ አንዲት የካፍኛ ተናጋሪ እንደ ታካሚ ሆና ትቀመጣለች፣ ሠልጣኟ ሦስቱን ጥያቄዎች በካፍኛ ትጠይቃታለች፣ የኮሌጁ የቋንቋ መምህር አነጋገሯን፣ ልምድ ያላት አዋላጅ ደግሞ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ያርማሉ፤ ከዚያም ሠልጣኟ እንደገና ከበሩ ጀምራ፣ ሰላምታዋን አስቀድማ ትገባለች።